አሥራ ስምንት ሁለተኞች

“እስቲ ሦስተኛውን ዓምድ ያንብቡልኝ” አለ የግብርና ጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ፣ ቅጹን በመስኮቱ ሥር ወደ እሷ መልሶ እየገፋ።

ጸሐፊዋ መነጽሯን ከቦርሳዋ ፈልጋ አደረገች። የመጣችው ማኅተም አስመትታ ቶሎ ለመመለስ ነበር እንጂ ንባብ ለመፈተን አልነበረም። ጣቷን ከላይኛው መስመር ላይ አሳርፋ ቁልቁል ትወርድ ጀመር።

“የለም” አለች። “የለም። የለም። የለም... ሁሉንም ላንብበው?”

“ሁሉንም እኔ አንብቤዋለሁ። አርባ አንድ ገበሬ ‘በአቀንጭራ አለቅን፣ የአረም መከላከያ ቀጠና ይቋቋምልን’ ብሎ ፈርሟል። አርባ አንዱም ‘በማሳዬ አቀንጭራ የለም’ ብሏል።” ወጣቱ ሊስቅ ቃጥቶት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው። “እናቴ፣ ይህን ለአለቃዬ ምን ብዬ ላቅርበው? የሌለ አረም የሚያጠፋ ቀጠና ይቋቋምላቸው ልበል?”

“አለ እንጂ! ወጥተህ ብታየው እኮ ሜዳው ሁሉ ወይን ጠጅ ሆኗል።”

“የማን ማሳ ላይ?”

ጸሐፊዋ መነጽሯን አውልቃ በነጠላዋ ጫፍ ትወለውለው ጀመር።

“ደንቡ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ገበሬ ‘አረሙ አለብኝ’ ማለት አለበት ይላል” አለ ባለሙያው። “የእናንተ ሃያ አንድ ሰው መሆኑ ነው። ምዝገባው ደግሞ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይዘጋል። ካለፈ ለሚቀጥለው ዓመት ነው።”

“እንግዲያው እዚሁ ሰርዘን...”

“ስርዝ ድልዝ አንቀበልም።” ከመሳቢያው አዲስ ቅጽ አወጣና በመስኮቱ ሥር አሳለፈላት። “ሃያ አንድ ‘አለ’ ይዘው ይምጡ። እኔ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እዚሁ ነኝ።”

ባዶውን ቅጽ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ባጃጅ ተሳፈረች። ጸሐፊ የሚለው ስም ከወጣላት አራት ወር አይሞላም፤ ፊደሏ የታተመ ስለሚመስል የገበሬዎቹ ኮሚቴ ብዕር አስያዛት፣ ከዚያ ወዲህ እውነተኛ ስሟን እህቷ እንኳ ረስታዋለች። ክብር ነው ብላ ደስ ብሏት ነበር። አሁን ግን ባጃጁ በየጉድጓዱ እያነጠረ ሲወስዳት ያ ስም ደረቷ ላይ እንደ ድንጋይ ተጫናት። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ታውቀዋለችና።

ከሁለት ሳምንት በፊት ቅጹ ወፍጮ ቤቱ ግቢ ሲመጣ እንዴት እንደሚሞላ ሰው ሁሉ ግራ ገብቶት ነበር። ሻምበል “አንቺ ጀምሪና አሳዪን” አላት። ሻምበል የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ አንድም ቀን ወታደር ሆኖ አያውቅም፣ ማዕረጉን ያሰጠው ድምፁ ነው። እሷም ቁጭ ብላ አሳየች። ስም፣ የመሬት ስፋት፣ ከዚያ “አቀንጭራ በማሳዎ ላይ አለ ወይስ የለም?” ከሚለው ሥር፣ እጇ እንኳ ሳይንቀጠቀጥ፣ “የለም”። ከኋላዋ የተሰለፈው ሁሉ ብዕሩን ሲቀበል አስቀድሞ የሚያየው ከላይ ያለውን መስመር ነበር። የወንዝ ዳሯ እማማ ማንበብ ስለማይችሉ “ከላይ ምን ተብሏል?” ብለው ጠየቁ። “የለም ተብሏል” ሲሏቸው “እንግዲያው እኔንም እንደዚያው በሉኝ” አሉ። አርባ አንድ ሰው እንደዚያው ተባለ።

አቀንጭራ እንደ ሌላው አረም አይደለም። ሌላው አረም ከበቆሎው ጋር ተሻምቶ ይበላል፤ ይህኛው በቆሎውን ራሱን ይበላል። ከአፈር በታች ሥሩን ነክሶ ይመጠዋል፣ አንቺ ከላይ ሆነሽ ዝናብ አነሰው እያልሽ ትጨነቂያለሽ። ብቅ ብሎ ሲታይ ሥራውን ጨርሷል። አበባው ደግሞ ያምራል፣ ክፋቱ ይሄ ነው። ያ አበባ ዘር ሲያራግፍ ዘሩ ከዱቄት የላመ ነው፤ በጫማ፣ በከብት ኮቴ፣ በትራክተር ጎማ ይሄዳል፣ አፈር ውስጥ ገብቶም በቆሎ እስኪዘራለት ዓመታት ተኝቶ ይጠብቃል። አሁን አብቧል። ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው የቀራቸው።

ለየብቻ መንቀሉን አምና ሞክረውታል። አንዱ ሲነቅል ሌላው ሲተወው፣ ጎርፉ ከላይ ያለውን እየጠረገ ለታችኛው ሲያድል ከረመ። ከሁሉም በላይ ደግሞ የከተሜው ማሳ አለ። ባለቤቱ በሩን በሰንሰለት ቆልፎ ከሄደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ስልክ አያነሳ፣ ሰው አያስገባ። ሜዳው አናት ላይ ተንጣሎ ለሁሉም ዘር ያመርታል። ያን ሰንሰለት በሕግ መቁረጥ የሚችለው ቀጠናው ብቻ ነው። በየማሳው ገብቶ በጋራ መንቀል፣ ድልድዩ ላይ የትራክተር ጎማ ማስታጠብ፣ ሁሉም ቀጠናው ሲኖር ነው።

ይህን ሁሉ በስብሰባው አስረድታ የተናገረችው ራሷ ነበረች። ተናግራ ስታበቃ ነው “የለም” ብላ የጻፈችው።

ባለቤቷ ከጎተራው ጣሪያ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ሁለት ወር አልፎታል። ከመውደቁ በፊት ስድስት ዓመት ሲለፋበት የኖረውን ነገር አግኝቶ ነበር፤ ዘር አባዡ ድርጅት በቆሎውን ለዘር ሊገዛው ውል ፈረመለት። ውሉን በፕላስቲክ አድርጎ ከአልጋው ራስጌ ሰቅሎታል። የድርጅቱ ተቆጣጣሪ የፊታችን ሰኞ ይመጣል፣ አንድ እግር አቀንጭራ ያገኘበትን ማሳ ለአምስት ዓመት ከመዝገብ ይፋቃል። ባልየው በየጧቱ “ማሳው እንዴት አደረ?” ይላል፣ እሷ “ንጹሕ ነው” ትላለች። መጀመሪያ ስትለው እውነት ነበር። ከዚያ አንድ ቀን አሥራ አንድ እግር አገኘች፣ ነቅላ በማዳበሪያ ከረጢት ይዛ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። በነጋታው ሠላሳ ሆነ። አሁን የማሳው የታችኛው ጎን በሙሉ ወይን ጠጅ ነው፤ እሷ ግን አሁንም ንጹሕ ነው ትላለች። ቅጹ ላይ የጻፈችው እንግዲህ ለባሏ የምትለውን ነው።

ከባጃጁ ወርዳ መጀመሪያ የሄደችው ወደ ባለትራክተሩ ነበር። ግሪስ በግሪስ ሆኖ ከሞተሩ ሥር አገኘችው።

“አንደኛ እኔ ልጻፍ?” አለ፣ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጎ። “እህቴ፣ እኔ እኮ የሰው ማሳ አርሼ ነው የምበላው። ባለትራክተሩ አቀንጭራ አለበት ከተባለ ማን ነው ጎማዬን የሚያስገባው?”

“አለብህ ግን።”

“አለብኝ! ማን የለም አለ?”

“አንተ ነሃ! በፊርማህ!”

ሰውየው ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ። “እውነቴን ነው የምልሽ፣ አንድ ሰው ከፊቴ ይጻፍ። ሁለተኛው እኔ ነኝ። አደራ፣ ያዢልኝ።”

ያዘችለት። አጥር የሚጋሩት ወንድማማቾች ጋ ሄደች። ታላቁ አረሙ ያለው ከታናሹ በኩል ነው አለ፣ ታናሹ አጥሩ ሲተከል ታላቁ የእሱን መሬት እንደገፋበት አነሣና ነገሩ ወደ ሌላ ጠብ ሄደ። ሁለቱም ግን “ሰው ከጀመረ ሁለተኛ እሆናለሁ” አሉ፤ በዚህ እንኳ ማን እንደሚቀድም ሳይስማሙ ቀሩ። መምህሩ፣ ከትምህርት ቤት ጡረታ ወጥቶ እርሻ የጀመረው፣ በማሳው ያለውን እንደ አረም ሳይሆን እንደ “ጥናት” እንደሚያየው ገለጸላት። ሌላዋ ትናንት ነቅላ ስለጨረሰች የለኝም ማለቷ ውሸት እንዳልሆነ በልጆቿ ማለችላት። እያንዳንዱ ሸኝቷት በር ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያንኑ ይላል። ሁለተኛ እኔን ያዢኝ። እሷም ወጥታ በመዳፏ ላይ በብዕር ጭረት ትጭራለች።

“አንቺስ?” ይሏታል አንዳንዶቹ።

“እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ ማጠቃለያው ላይ እገባለሁ” ትላለች፤ ይህን ስትል ዓይኗ የሰው ዓይን አያይም።

የወንዝ ዳሯ እማማ ማሳቸው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር። ማሳ ከተባለ ነው። በቆሎው ጉልበት ሳይደርስ ቀርቶ ቅጠሉ እሳት እንደነካው ተጠቅልሏል፣ በመሃሉ አቀንጭራው ጥቅጥቅ ብሎ አብቧል። ከዚህ መሬት ዘንድሮ አንድ ቁና አይወጣም። አሮጊቷ ያዩታል፣ ሌላ የሚያዩት የላቸውም።

“እማማ፣ እርስዎ እንኳ ‘አለ’ ይበሉ” አለች ጸሐፊዋ። “የእርስዎ የተደበቀ ነገር አይደለም።”

“ባለቤቴ ይህን መሬት ሲይዝ ሰው ቆሞ ነበር የሚያየው፣ ልጄ። ዛሬ እሱ ከሞተ በኋላ በወረቀት ‘አለበት’ ላስብለው?”

“ዘንድሮ ካልተነቀለ እኮ ከርሞም አይበቅልልዎትም። የከርሞ ከርሞም።”

“እሱን አላጣሁትም።” በዚያ ደብዘዝ ባለ ዓይናቸው ቀና ብለው አዩዋት። “ያን ጊዜ አንደኛ የጻፍሽው አንቺ አልነበርሽም? ጸሐፊ መጨረሻ የምትጽፈው ከመቼ ወዲህ ነው?”

ጸሐፊዋ ብዕሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ መንገዷን ቀጠለች።

ስምንት ሰዓት ሲሆን መንገድ ዳር የፍሳሽ ቱቦ ላይ ቁጭ ብላ መዳፏን ቆጠረች። አሥራ ስምንት ሁለተኛ ተመዝግቧል። አንድም አንደኛ የለም። ሳቅ መጣባትና ሳትጨርሰው ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ በጠራራ ፀሐይ፣ አላፊ አግዳሚ እያያት፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች። ወሽመጧ ተቆርጦ ነበር። ሻምበል ደወለላት።

“እንዴት ሆነ?” አለ፤ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው።

“ሁሉም ሁለተኛ ነው፣ ጋሼ። እርስዎስ? ሰብሳቢ ነዎት፣ እርስዎ ቢጀምሩ...”

ያ ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ። “እኔማ... እኔ እኮ መሬቱን ከልጄ አማቾች ጋር ነው የያዝኩት። ሳልነግራቸው... ግን ሁለተኛ በይኝ፣ ግዴለም። ለማንኛውም ሰዉን ሁሉ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወፍጮ ቤት እጠራልሻለሁ። ተሰብስቦ ሲተያይ ይሻላል።”

አሥራ ዘጠኝ ሆኑ።

ወደ ቤቷ ስትሄድ በማሳዋ በኩል ዞረች። ታችኛው ጎን ላይ ጎንበስ ብላ አንዱን አቀንጭራ በጣቶቿ ቆፍራ፣ የነከሰውን የበቆሎ ሥር እንዳይለቅ አድርጋ፣ ሁለቱን አንድ ላይ አወጣቻቸው። ከነአፈሩ ይዛው ገባች።

ባለቤቷ ትራሱን ደገፍ ብሎ ሬድዮ ያዳምጣል። “ማኅተሙ ተመታ?” አላት። ከዚያ እጇ ላይ ያለውን አየ። ሬድዮውን አጠፋው።

“ከማን ማሳ ነው?”

አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ብርድ ልብሱ ላይ፣ አስቀመጠችለት። ሰውየው አነሣውና የተነከሰውን ሥር በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ሰላሳ ዓመት ገበሬ ነው፤ በቆሎውን ከቅጠሉ አወቀው። የራሱን ዘር ነው የያዘው።

“ስንት ነው?”

“ታችኛው ጎን በሙሉ።”

“ንጹሕ ነው ስትይኝ የከረምሽው?”

“ዳሌህ እስኪጠግን ብዬ ነው። በኋላ ደግሞ መናገሪያው ጠፋኝ።”

ጮኾባት ቢሆን ይቀላት ነበር። አልጮኸም። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ውል አየ፣ ከዚያ ያበጠ እግሩን አየ፣ እንባው ወረደ። አብረው ሲኖሩ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ አባቱ ሲሞት እንኳ ዞሮ ነበር ያለቀሰው። አሁን መዞር አይችልም።

“ሰኞ ነው የሚመጣው” አለ። “እስከ ሰኞ ሰው ቀጥረን ብናስነቅለውስ?”

“በየቀኑ ስነቅል ነው የከረምኩት። ከላይ የከተሜው ማሳ እያለ አያልቅም። ቀጠናው ካልተቋቋመ አያልቅም። ለዚያ ደግሞ አንድ ሰው ‘አለ’ ብሎ መጀመር አለበት፤ ሁሉም ሁለተኛ ነኝ ይላል።”

አቀንጭራውን ወለሉ ላይ እንዳያራግፈው ተጠንቅቆ መለሰላት።

“እሺ ጻፊ” አለ በመጨረሻ። “ግን አንደኛ አትጻፊ። መሃል ላይ ግቢ፣ አሥረኛ ወይ አሥራ አንደኛ ላይ። ድርጅቱ ወረቀቱን ቢያገኘው እንኳ ዓይናቸው ላይ አይውልም። አይደል? መሃሉን ማን ያነበዋል?”

“መሃል የሚኖረው አንደኛ ሲኖር ነው።”

“እባክሽ” አለ ሰውየው። “ስድስት ዓመት ነው የለፋሁት። እባክሽ።”

እሷ ፀጉሩን ዳበስ አደረገችለት፤ ምንም ቃል ሳትሰጠው ወጣች።

ወፍጮ ቤቱ ግቢ ስትደርስ ሰዉ ሞልቷል። ሻምበል ጠርቶ ማን ይቀራል? ወፍጮው ቆሟል፣ ባለወፍጮው ራሱ ዱቄት እንደለበሰ በር ላይ ተደግፎ ያያል። አሥራ ዘጠኙም ሁለተኞች አሉ፣ ሌላም ተጨምሮ። በመሃል አንድ ጠረጴዛ ተቀምጧል፣ ከጠረጴዛው ዙሪያ ደግሞ ማንም የለም። ሰው ሁሉ ግድግዳውን ተጠግቶ የሌላውን ዓይን ይጠብቃል።

“ጊዜ የለንም!” አለ ሻምበል። “ባጃጁ በር ላይ ነው። ማን ይጀምር?”

ጉሮሮ ጠረጉ። ባለትራክተሩ የእጁን ግሪስ ማየት ጀመረ። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ በክርን ተጎሻሸሙ። መምህሩ ደንቡን በደንብ ያነበበ ሰው እንዳለ ጠየቀ።

ጸሐፊዋ ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ቅጹን ዘረጋች፣ በመዳፏ እጥፋቱን አስተካከለች። ይህን ጊዜ ያ የምትመካበት ፊደሏ ጠማማ ሆኖ ወጣ። ስም። የመሬት ስፋት። ሦስተኛው ዓምድ ላይ ስትደርስ ባለቤቷ ፊቷ ላይ ድቅን አለ፣ ውሉም በፕላስቲኩ ውስጥ፤ ሰኞ የሚመጣውም ሰው። ለአንድ አፍታ እጇ ወደ ታች፣ ወደ አሥረኛው መስመር፣ ሊወርድ ቃጣ። ከላይኛው መስመር ላይ ሁለት ፊደል ጻፈችና ፈረመች።

ማንም የጻፈችውን አላየም። ቅጹን አዙራ እንደ ድሮው ዝም ብላ ለቀጣዩ ብትገፋው፣ ባለትራክተሩ አይቶ በልቡ ይዞት፣ ነገሩ በጠረጴዛው ዙሪያ ቀስ እያለ በተዳረሰ ነበር፤ ምናልባትም ከግቢው ሳይወጣ። ባሏም አንደኛ መጻፏን ከሌላ ሰው አፍ ባልሰማ ነበር።

ከኋላ፣ ከበሩ በኩል፣ የወንዝ ዳሯ እማማ ድምፅ መጣ። በምርኩዛቸው እየተደገፉ ገና መድረሳቸው ነው።

“ከላይ ምን ተብሏል?”

ባለወፍጮው ከተደገፈበት በር ቀና አለ። ጸሐፊዋ ከወንበሯ ተነሣች።

“‘አለ’ ነው የሚለው፣ እማማ” አለች፣ ሻምበል እንኳ ዞር እስኪል ድረስ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። “በእኔ ማሳ፣ ታችኛው ጎን በሙሉ።”

ብዕሩንም ለሁለተኛው ዘረጋች።